የሮይስ ጉልበት

ካርሰን ፌሪ፣ ፔንሲልቬንያ
ሴፕቴምበር 17 ቀን 1974

ለልጄ ለኤሚል ሶፕኮ፣ ኦማሃ

የእህቴ ልጅ ብትሆንም ከሰባት ዓመትህ ጀምሮ ያሳደግኩህ ልጄ፣ ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ቤት ሁሉም በቦታው ነው። አጎትህ ሜቶድ ከሳሉ በቀር ደህና ነው፤ ሳሉም የብረት ፋብሪካው ነውና እንደ ቤተሰብ ለምደነዋል። የእናትህን ነፍስ በገነት ያሳርፍልን፤ አንተንም ከክፉ ይሰውርህ።

ስልክ ብደውል ይቀል ነበር። ግን በስልክ "ደህና ነህ?" "ደህና ነኝ" ተባብለን ነው የምንዘጋው። ወረቀት ላይ ሰው ትንሽም ቢሆን የልቡን ይናገራል።

እሁድ እንደ ልማዳችን በስሎቫኮች ክበብ ተሰብስበን የአሜሪካን ፉትቦል ጨዋታችሁን በቴሌቪዥን አየን። ያው አንተ ዳር ቆመሃል። ያ የቴክሳሱ ሰው፣ ሮይስ ቲለሪ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ኳሱን ሲወረውር ዋለ። ካሜራው አንዴ ፊትህን ሲያሳይ ክበቡ ሁሉ አጨበጨበ። ከዚያ ነዳጅ ማደያ ያለው ፓልኮ ምን አለ መሰለህ? "ሜቶድ፣ የእናንተን ልጅ የምታገባ ሴት የታደለች ናት። አምስት ዓመት ኳስ ተጫውቶ ማልያው አንድ ቀን አልቆሸሸም። ሳሙና አያስጨርሳትም።" ሰው ሁሉ ሳቀ። አጎትህም አብሮ ሳቀ፤ ቤት ስንገባ ግን ራቱን አልበላም።

ልጅ ሆነህ "ኳርተርባክ ማለት ቡድኑን የሚመራው ነው፤ እሱ ካላዘዘ ማንም አይንቀሳቀስም" ትለኝ ነበር። ዳር ቆሞ የሚያይ ነው ብለኸኝ አታውቅም።

ስለዚህ ትናንት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሻማ አበራሁ። "ጌታ ሆይ፣ ልጄን ሜዳ አግባልኝ፤ እንዴት እንደምታደርገው አንተ ታውቃለህ" ብዬ ለመንኩ። እንድታውቀው ብዬ ነው።

ያ ሰውዬ ግን አይደክመውም?

አክስትህ ሉድሚላ


ኦማሃ፣ ነብራስካ
ኦክቶበር 6 ቀን 1974

ለውድ አክስቴ

እጅሽን ስሜ እጀምራለሁ። አጎቴንም ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ጺሙን ከተላጨ።

አይደክመውም። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጠዋት ልምምድ ስንገባ እሱ ቀድሞን ላብ በላብ ሆኖ እናገኘዋለን። ደግሞ ጠላቴ አይደለም አክስቴ። እዚህ ስመጣ ሌሎቹ ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ፣ አጠገቤ ቁጭ ብሎ የቡድኑን ስልት አንድ በአንድ ያስረዳኝ እሱ ነው። ተጠባባቂ የሚማረው ከቋሚው ነው፤ ቋሚው አላስተምርም ቢል ማንም አያስገድደውም። ሰኞ ሰኞ ቤቱ ይጠራኛል። ሚስቱ ናዲን ባቄላና የበቆሎ ዳቦ ታቀርብልናለች። ሁለቱ ሴት ልጆቹ "አጎቴ" ይሉኛል፤ ትንሿ ፀጉርህን ካልሸረብኩህ ትለኛለች።

ፓልኮን፣ ማልያው የማይቆሽሸው ሮይስ ስለማይወድቅ ነው በይው።

ጸሎትሽን ግን አስተካክይልኝ። እንድናሸንፍ ለምኚ፤ እኔን ተዪኝ።

ልጅሽ ኤሚል


ካርሰን ፌሪ
ኖቬምበር 12 ቀን 1974

ልጄ ኤሚል

ሰላምታዬ ዛሬ አጭር ነው፤ ልቤ አልተረጋጋም። አንተ ደህና መሆንህን በዓይኔ ስላየሁ ተመስገን ብያለሁ።

ሮይስ ሲወድቅ አይቻለሁ። የጣሉት ሁለት ግዙፍ ተጋጣሚዎች ከላዩ ሲነሱ እግሩ እግር ወደማይታጠፍበት ታጥፎ ነበር። ከዚያ ፓልኮ "ኤሚል ሊገባ ነው" አለ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አጎትህ ኪሱን ሳያይ ለሁሉም ቢራ አዘዘ። ሴቶቹ እየመጡ ሳሙኝ።

እኔም አጨበጨብኩ። እጆቼ ከእኔ ቀድመው አጨበጨቡ። ሰውየው ገና ከሜዳ አልወጣም ነበር፤ ቃሬዛው ላይ ሊያነሱት እየታገሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ የተጫወትከውን አላየሁም። ሁሉም ጉድ የሚያሰኝ ነበር ብለውኛል።

ማግስቱን አባ ሁሽካ ዘንድ ሄጄ ስለ ሻማው ነገርኳቸው። "ሉድሚላ፣ እግዚአብሔር የሰው ጉልበት እየሰበረ ጸሎት አይሰማም" አሉኝ። "ታዲያ ማን ሰማኝ?" አልኳቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ባረኩኝ።

ልጄ፣ ስለ ሰውየው ጻፍልኝ። የትኛው ሐኪም ቤት ነው? ያመዋል? ምን አለህ?

አክስትህ


ኦማሃ
ዲሴምበር 10 ቀን 1974

ለውድ አክስቴና ለአጎቴ

የገና ዋዜማችሁ የተባረከ ይሁን። መልሴ ስለዘገየ አትቀየሙኝ፤ ጋዜጠኛው፣ ልምምዱ፣ ጉዞው መተንፈሻ አሳጣኝ።

እዚህ በረዶው ጉልበት ድረስ ነው፤ ሰዉ ግን እየተንቀጠቀጠ ስታዲየም ይመጣል። እኔ ከገባሁ ወዲህ የተሸነፍነው አንዴ ብቻ ነው። በካንሳሱ ጨዋታ መጨረሻ ደቂቃ ላይ ረጅሙን ኳስ ወርውሬ ሲያዝልኝ የሰዉ ጩኸት ደረቴ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። ለአጎቴ ጋዜጦቹን ልኬለታለሁ፤ አንዱ ላይ ፎቶዬ ሙሉ ገጽ ነው። ለፓልኮ ያሳይልኝ፤ ማልያው ጭቃ በጭቃ ነው። መንገድ ላይ ሰው ያስቆመኛል። ፀጉር አስተካካዩ ሒሳብ አልቀበልም አለኝ።

ሮይስ በጥሩ ሐኪሞች እጅ ነው።

ልጅሽ ኤሚል


ካርሰን ፌሪ
ጃንዋሪ 14 ቀን 1975

ኤሚል

ጤና ይስጥህ።

ስለ አንድ ሰው ጠየቅኩህ፤ ስለ ጨዋታ ጻፍክልኝ። ደብዳቤህን አገላብጬ አነበብኩት። ስለ በረዶው ብዙ አለ፤ ስለ ሮይስ አንድ መስመር።

እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። በዎልነት ለውዝ የሚጠቀለለውን ዳቦ ጋግሬ በክለቡ አድራሻ ለሚስቱ ላክሁ፤ ማን እንደሆንኩም ጻፍኩላት። ናዲን መለሰችልኝ። የተማረ እጅ አላት፤ ጽሑፏ ያምራል። ጉልበቱን ሁለት ጊዜ እንደቀደዱት፣ ሦስት ሳምንት ከአልጋ እንዳልወረደ፣ ከቡድኑ ብዙዎቹ እንደጠየቁት ነገረችኝ። "ኤሚል ግን ሥራ በዝቶበት ይሆናል" ብላለች። ትንሿ ልጅ ሰኞ ሰኞ በር በሩን ታያለች አለችኝ።

ይህን ሳነብ ፊቴ ጋለ። ለአጎትህ አልነገርኩትም፤ እሱ ጋዜጦችህን ግድግዳ ላይ እየለጠፈ ነው።

ጸሎቱ የኔ ነው፤ በሱ እኔ እጠየቃለሁ። አለመሄዱ ግን ያንተ ነው።

ሉድሚላ


ኦማሃ
ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1975

ለአክስቴ

ደብዳቤሽን ከመኪናዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬው ብዙ ከረምኩ። ሁለት ጊዜ እስከ በሩ ሄጄ ተመልሻለሁ። ባለፈው ሰኞ ደወሉን ደወልኩ።

ናዲን ከፈተችልኝ። "የአክስትህ ዳቦ እንኳ ካንተ ቀድሞ ደረሰ" አለችኝ። ሮይስ ማድ ቤት ውስጥ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አየኝና "ጋዜጣ ላይ ረዝመህ ነበር" አለኝ። እኔ ሳቅኩ፤ እሱ አልሳቀም።

"ለምን አልመጣህም?"

ሥራ በዛብኝ ልል ነበር፤ ምላሴ እምቢ አለኝ። "ስትወድቅ ደስ አለኝ ሮይስ" አልኩት። "መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ከዚያ ነው የደነገጥኩት። በየትኛው ፊቴ ልምጣ?"

ናዲን ልጆቹን ይዛ ወጣች። ከዚያ "እኔም ይህን ቦታ ያገኘሁት የአንዱ ሰውዬ ትከሻ ወልቆ ነው" አለኝ። "ግን በማግስቱ ሄጄ ጠየቅኩት። ደስ ብሎኝም ቢሆን ሄድኩ።"

ልነሳ ስል "በጁላይ ልምምድ ሲጀመር እመለሳለሁ። እስከዚያ ኳሴን የሚቀበል ሰው እፈልጋለሁ" አለኝ። ከነገ ጀምሮ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ እንገናኛለን። እሱ ይወረውራል፣ እኔ እቀበላለሁ።

ልጅሽ ኤሚል


ካርሰን ፌሪ
ሜይ 5 ቀን 1975

ለልጄ ለኤሚል

የትንሣኤው ደስታ ከቤትህ አይራቅ። እዚህ ደህና ነን። ፋብሪካው አንዱን ምድጃ አጥፍቷል፤ አጎትህ እንደገና ይነዳል ይላል። እኔ እንጃ።

ለናዲን ስለ ሻማው ጽፌላት ነበር። ባልደብቃት ይሻላል ብዬ ነው። ምን ብላ እንደመለሰችልኝ ላንብብልህ፦ "እናቴ ሮይስን የሚጥሉት ሰዎች ሁሉ ወገባቸው እንዲቀጭ ከሠርጋችን ጀምሮ ስትጸልይ ኖራለች። እስካሁን አንዱም አልተቀጨም። ስለዚህ እርስዎም ለራስዎ ይህን ያህል ሥልጣን አይስጡ።" ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። ግን እንቅልፌን ሙሉ በሙሉ አልመለሰልኝም። ስለ ጨዋታ መጸለይ ትቻለሁ፤ አሁን ስለ ሰው ብቻ ነው።

ከሱ ጋር መለማመድህ እዚህም ተሰምቷል። ፓልኮ "የሚታረድበትን ቢላ የሚስል በሬ አይቼ አላውቅም" አለ። አጎትህ ጠረጴዛ መትቶ ተነሳ፤ ቤት ሲመጣ ግን እሱም "ልጁ ምን ነካው?" አለኝ።

እኔም አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቦታው አንድ ነው፤ እናንተ ሁለት ናችሁ። ጁላይ ሲመጣ ምን ልትሆኑ ነው?

አክስትህ


ኦማሃ
ጁላይ 18 ቀን 1975

አክስቴ

ጤናሽን እየተመኘሁ በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ። ስልክ የማልደውለው የልምምድ ካምፑ ውስጥ ያለው ስልክ አንድ ስለሆነ ነው፤ ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ጆሮውን ቀስሮ ይጠብቃል።

ሮይስ ተመልሷል። ክንዱ እንደ ድሮው ነው። ሁሉም ተአምር እያለ ነው። ዛሬ ግን አሰልጣኙ ቢሮው ጠራኝና በሩን ዘጋ። "ጸደዩን ሙሉ አብረኸው ነበርክ። ጉልበቱ ይይዛል?" አለኝ።

"ሐኪሞቹን ጠይቃቸው።"

"ሐኪሞቹ ይይዛል ብለዋል። እኔ የጠየቅኩት አንተን ነው። ሰኞ ትነግረኛለህ።"

ላንቺ እውነቱን ልንገርሽ። ወደ ግራ ዞሮ ሲወረውር ጉልበቱ ይከዳዋል። ሁልጊዜ አይደለም፤ ሲደክመው ነው። ቶሎ ስለሚያርመው ሌላ ሰው አላየውም። እኔ አይቻለሁ፤ ማየቴንም እሱ ያውቃል። አንድም ቀን ግን አንስተነው አናውቅም።

ብናገር የልጆቹን እንጀራ እቆርጣለሁ፤ የቆረጥኩትንም የምበላው እኔው ነኝ። ዝም ብል ደግሞ በመጀመሪያው ጨዋታ አንዱ ግዙፍ ከግራ ይመጣበታል፤ ከዚያ መነሳት የለም። ያኔም ቦታው የኔ ነው። በሁለቱም በር ብገባ የማገኘው ያንኑ ወንበር ነው።

ይህ ሲደርስሽ ሰኞ አልፏል። መልስሽ በጊዜ እንደማይደርስልኝ አውቃለሁ። ግን ለሌላ ለማን ልጻፍ?

ኤሚል


ካርሰን ፌሪ
ጁላይ 23 ቀን 1975

ልጄ

ደብዳቤህ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ሰኞ አልፏል። ምን እንዳደረግህ ሳላውቅ ነው የምጽፈው፤ ስለዚህ ምክር አይደለም፣ ጥያቄ ነው።

ለአሰልጣኙ ያልከውን፣ ለሮይስ አስቀድመህ ነግረኸዋል? ነግረኸው ከሆነ ሌላውን አልጠይቅህም። ሳትነግረው ከሆነ ግን፣ እውነትም ቢሆን ከጀርባ የወጋኸው ነው።

ቶሎ ጻፍልኝ። ፖስተኛውን ደጅ ወጥቼ ነው የምጠብቀው።

ሉድሚላ


ኦማሃ
ሴፕቴምበር 24 ቀን 1975

ለአክስቴ

ፖስተኛውን ስላስጠበቅኩሽ ይቅር በይኝ። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር እጄ ይከብደኝ ነበር።

ነግሬዋለሁ። እሁድ ከምሳ በኋላ የተመልካቹ መቀመጫ ላይ ብቻውን ሲያርፍ አግኝቼው አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ነገ አሰልጣኙ ስለ ጉልበትህ ይጠይቀኛል" አልኩት።

"ምን ልትለው ነው?"

"ወደ ግራ ስትዞር ያየሁትን።"

የጫማውን ማሰሪያ ፈታ፣ መልሶ አሰረው። "አንድ ዓመት ብቻ ነው የምፈልገው" አለኝ። "አንድ ዓመት ከተጫወትኩ የቴክሳሱን እርሻዬን ዕዳ ከፍዬ እጨርሳለሁ። ዝም በለኝ።"

"አንድ ዓመት አይይዝም ሮይስ። አንድ ወርም አይይዝም።"

"ይህን የምትለው ለኔ ብለህ ነው ወይስ ለራስህ?"

መዋሸት እችል ነበር። "አላውቅም" አልኩት።

"የሚገማው ይህ አለማወቅህ ነው" አለ።

ሰኞ ጠዋት አሰልጣኙ ጋ ስደርስ ሮይስ ቀድሞኝ ገብቶ ወጥቷል። ጉልበቱ እንደማይይዝና መጫወት እንደሚያቆም በራሱ አፍ ተናግሯል። እኔ የተጠየቅኩት ነገር አልነበረም። ዕቃውን መኪናው ላይ ሲጭን ላግዘው ሄድኩ፤ አላስነካኝም። እጄን ዘረጋሁ። አየው፤ ከዚያ ፊቴን አየኝ። "ልክ ነህ ኤሚል። ልክ በመሆንህ እንድወድህ ግን አትጠብቅ" አለኝና ሞተሩን አስነሳ።

እሁድ የዓመቱን የመጀመሪያ ጨዋታ አሸነፍን። ስታዲየሙ ስሜን እየጠራ ነበር። ሰው ከልቡ የሚመኘውን ሲያገኝ እንደዚህ ነው የሚሰማው? እውነቱን የተናገርኩት ለእውነት ብዬ ይሁን ለቦታው፣ እስካሁን ራሴን እየጠየቅኩ ነው። ለሱ ብዬ ነው እንዳልል፣ የተጠቀምኩት እኔ። ለራሴ ነው እንዳልል፣ ያን ሌሊት ሙሉ አልቅሻለሁ።

ፓልኮ ምን ይል ይሆን?

ልጅሽ ኤሚል


ኦማሃ
ዲሴምበር 27 ቀን 1977

ለውድ አክስቴ

በዓሉን ብቻችሁን ስላሳለፋችሁ አዝናለሁ። የምነግርሽ ነገር ስለነበረ ድምፄን በስልክ እንድትሰሚው አልፈለግኩም።

ክለቡ አሰናበተኝ። ጋዜጣ ላይ ሳታዩት አልቀራችሁም። ባለፈው ዓመት ክንዴ እየከበደኝ መጣ፤ ዘንድሮ ከኮሌጅ የመጣው ልጅ ከወገቡ በላይ ሁለት እኔን ያክላል። የቡድኑን ስልት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሮይስ እንዳስተማረኝ አድርጌ፣ አንድም ሳልደብቅ። ቦታውን ሲይዝ ዓይኔን እየሸሸ ሊያመሰግነኝ መጣ። ምን እንደሚሰማው ስለማውቅ ቶሎ አሰናበትኩት።

አምስት ዓመት ቆሜ አየሁ፤ ሦስት ዓመት ተጫወትኩ። ሙያዬ ይኸው ነው። ያንን ሦስት ዓመት ሳስበው የሰው ካፖርት ለብሼ የዞርኩ ይመስለኛል፤ ሞቆኝ ነበር፣ ግን ልኬ አልነበረም። ለሮይስ ወደ ቴክሳስ ጽፌለት ነበር። ፖስታው ሳይከፈት ተመለሰልኝ። አድራሻዬን በራሱ እጅ ነው የጻፈው፤ ጽሑፉን አውቀዋለሁ።

የሰፈራችን ትምህርት ቤት ለአሰልጣኝነት እንደሚፈልገኝ አጎቴ ነግሮኛል። እዚህም አንድ መድን ድርጅት ሥራ አቅርቦልኛል፤ ስሜን ፈልገው ነው። ክበቡ ውስጥ ሰው ሲያጨበጭብልኝ መቀመጥ የምችል አልመስል አለኝ። ምናልባት እዚሁ ብቀር ይሻላል።

ኤሚል


ካርሰን ፌሪ
ጃንዋሪ 6 ቀን 1978

ለልጄ ለኤሚል

አዲሱ ዓመት የዕረፍት ይሁንልህ። አንተን በሰላም እንደሸኘሁህ በሰላም ያስገባህ።

ማጨብጨቡን አትፍራ፤ የሚያጨበጭብ የለም። ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ክበቡ የሚሞላው ለቀብር ብቻ ነው። ፓልኮ ማደያውን ሸጦ ልጁ ዘንድ ኦሃዮ ሄደ። ሲሰናበተን "ኤሚል ከመጣ፣ ስለ ሳሙናው የቀለድኩትን ይርሳልኝ በሉት" አለ። አጎትህ ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ተቀምጦ ይስላል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲወጡ ዝም ብለው መንገድ ላይ ይቆማሉ፤ አባቶቻቸውም አጠገባቸው ይቆማሉ። ኳስ የሚያስተምራቸው ጠፍቶ የጂኦግራፊው መምህር ፊሽካ ይዞ ሲሯሯጥ አይቼ አዘንኩለት። መድን ኦማሃ ውስጥ የሚሸጥ ሰው ሞልቷል።

ጸጸት ይዞኛል ብለህ ቤትህን አትሽሽ። እኔም በየቀኑ ከኔው ጸጸት ጋር ነው ወጥ የምሠራው። ያንተንም ይዘኸው ና፤ ክፍልህ ለሁለታችሁ ይበቃል።

ናዲን ለገና ጽፋልኛለች። እስከ ዛሬ አንድም በዓል አልረሳችኝም። ዳላስ ያለ ሐኪም ጉልበቱን አይቶ "አንድ ጊዜ ደግመህ ብትወድቅበት ኖሮ እግርህን ከጉልበትህ በላይ እቆርጠው ነበር" ብሎታል። ሮይስ ይህን ሰምቷል። ከብት ያረባል፤ ጥጃ ሲያመልጠው ሮጦ ይይዛል። ላንተ ግን ልቡ አልተፈታም። የሚፈታ ነው ብዬ አልዋሽህም፤ እሷም አላለችም። ቤት ውስጥ ስምህ ሲነሳ ከጠረጴዛው ተነስቶ ይወጣል።

በሁለት እግሩ ነው ግን የሚወጣው፣ ልጄ።

አክስትህ ሉድሚላ